ፋንድሻ የሌለበት ገና

1.

«አፉ ውስጥ ምን ነበር?»

የጠየቀችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። ልጄን ተቀብላኝ ክንዷ ላይ በሆዱ ደፍታዋለች። ጀርባውን እየመታች ቀና ብላ አየችኝ። ሁለት ዓመቱ ነበር። ኪሩቤል ይባላል።

አላየሁም። ጓሮ ሳህን እያጠብኩ ነበር። የገና ዕለት ነው፣ ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ ልጁ ከጭን ወደ ጭን ይዞራል፣ ያገኘው ሁሉ ያጎርሰዋል። የሚያውቅ ካለ ብዬ ተከትለውኝ የመጡትን ዞሬ አየሁ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

2.

ይህን የምጽፈው በቁጥር እየቆራረጥኩ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። በምሳ ሰዓት ለጎልማሶች የማንበብና የመጻፍ ትምህርት አለን። መምህሬ፣ «ረጅም ጽሑፍ ከከበዳችሁ አጭር አጭር ጻፉ፤ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ አዲስ ቁጥር ስጡ» ብላናለች። ስለዚህ አዲስ ቁጥር ስታዩ እዚያ ጋ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር ማለት ነው።

የምጽፈው ስለ ሕፃናት ድግስ ነው። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ እናቶች ልጆቻችንን የምናውልበት ማቆያ አለ። ዘንድሮ ለገና ለሕፃናቱ ይደገስ ተባለ። «ምግቡን ማን ያቅድ?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። ሁለተኛዋ ልጄ ትርሲት እዚያ ነው የምትውለው። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

እጄን ያወጣሁት መደገስ ስለምችል አይደለም። ሌላ ሰው እንዳያቅደው ነው።

3.

ወደ ድግሱ የማይገቡ፦

ፋንድሻ።

ቆሎ።

ለውዝ።

ከረሜላ፣ ጠንካራውም የሚለጠጠውም።

ጥሬ ካሮት።

የድፎ ዳቦ ቅርፊት።

አጥንት ያለው ማንኛውም ነገር።

ሙሉ እንቁላል። ግማሹም።

ማር፣ ዓመት ላልሞላቸው።*

ጽፌ ስጨርስ አነበብኩት። በዓሉን በሙሉ ከቤት ያስወጣሁት ይመስላል። የቀረው ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ነው። ትንሽ አሰብኩ። እሱንም አፋቸው ይከቱታል።

ቄጤማ።

* አማቴ ወይዘሮ ይመኙሻል ማንበብ አይችሉም። ይህን ሳነብላቸው፣ «እኔ ልጆቼን ሁሉ ማር አልሼ ነው ያሳደግኩ» አሉ። ቆይተው፣ «እንግዲህ ጻፊው» አሉ።

4.

የኮሚቴ ስብሰባ። ማቆያው ውስጥ፣ ልጆቹ ተኝተው። ሦስት ነን፦ የማቆያው ኃላፊ ሲስተር ጽጌ፣ የመንትዮቹ እናት ዘምዘም፣ እና እኔ። ዘምዘም ፋብሪካው ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ማሽን ላይ ነው የምትሰፋው።

ዘምዘም፦ ሥጋውስ?

ሲስተር ጽጌ፦ ሥጋ የለም። ክርስቲያን ያረደው፣ እስላም ያረደው እያልኩ ሁለት ድስት አልጥድም። ልጆቹ አንድ ትሪ ላይ ነው የሚበሉት።

ዘምዘም፦ አብሽሪ፣ ተገላገልን። በሉ ፋንድሻውን እኔ አመጣለሁ።

እኔ፦ ፋንድሻ የለም።

ዘምዘም፦ እንዴት የለም?

እኔ፦ ገለባው ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ሳይፈነዳ የሚቀር ፍሬም አለ።

ዘምዘም፦ ታዲያ ምን ልንበትን ነው፣ ሩዝ?

ሲስተር ጽጌ፦ ልክ ናት፣ ለሕፃን አይሰጥም።

ዘምዘም፦ ልክነቷን መች አጣሁት። ፋንድሻ የሌለበት ገና ግን እስላሟን እኔን እንኳ አሳፈረኝ።

(ሳቁ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።)

ሲስተር ጽጌ፦ ሌላ የምትጨምሪው አለ?

እኔ፦ ጉርሻ።

ሲስተር ጽጌ፦ ጉርሻ ምን ሆነ?

እኔ፦ አይኖርም። ማንም ሰው ልጅ አያጎርስም፣ የራሱንም ቢሆን። ልጆቹ ቁጭ ብለው በገዛ እጃቸው ይበላሉ።

(ሁለቱም ተያዩ። የእኔን ታሪክ ያውቃሉ።)

ዘምዘም፦ እሺ። ይሄን ለአያቶቹ የሚነግር ግን እኔ አይደለሁም።

5.

ካሮት እንዲህ ነው።

ልጣጩን ታነሺለታለሽ። በቁመቱ ትሰነጥቂዋለሽ። እንደ ሳንቲም ክብ ክብ አድርገሽ አትቁረጪው፤ ክብ ነገር ጉሮሮ ላይ እንደ ክዳን ይገጥማል። ትቀቅይዋለሽ። አንዱን ታወጪና በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መሃል ትጨፈልቂዋለሽ። ከደቀቀ ድድም ያደቀዋል። ካልደቀቀ ወደ ድስቱ ይመለስ።

ከዚያ ሁለተኛውን ትጨፈልቂያለሽ። ሦስተኛውንም።

ድስቱ ውስጥ ያለው ሁሉ በእጅሽ ተጨፍልቆ ካገኘሽው ተቀመጪ። ውሃ ጠጪ። ሌላ ካሮት አንሺ።

6.

ጉርሻን እዚህ አገር የማያውቅ ስለሌለ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የማስበውን ብቻ እጽፋለሁ።

የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም። አፍሽ ሞልቶም ቢሆን ትቀበያለሽ። ትንሽ ከሆነ ንቀት ነው፣ ትልቅ ከሆነ ፍቅር ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል። ትልቅ ሰው ሲግደረደር «በሞቴ» ይሉታል።

ሕፃን አይግደረደርም። አፉን ይከፍታል።

7.

የዛሬ አራት ዓመት፣ ገና፣ አማቴ ቤት።

ዶሮው ቀርቦ ሰው እየበላ ነው። ጓሮ ሆኜ የቤቱ ድምፅ ሲለወጥ ሰማሁ። ሳቅ ነበር። ከዚያ ሳቅ አልነበረም። ስገባ ባለቤቴ አያሌው ኪሩቤልን ታቅፎ ቆሟል። የልጁ ከንፈር ጠቁሯል። ነጥቄው ሮጥኩ። ጤና ጣቢያው ከቤታቸው ሩቅ አይደለም።

ነርሷ ጥያቄዋን ጠይቃኝ ወደ ሰዎቹ ስዞር አማቴ ከኋላዬ ደረሱ። ነጠላቸው መንገድ ላይ ወድቆባቸዋል። ጫማም አላደረጉም።

«እንቁላል ነው» አሉ። «የዶሮው እንቁላል። ያጎረስኩት እኔ ነኝ።»

የነገሩት ለነርሷ ነው። የሰማው ግን ሁሉም ነው።

እንቁላሉ ወጣ። ዘግይቶ ወጣ።

8.

ለቅሶውን አልጽፍም።

 

 

9.

ከዚያ ወዲህ አማቴ ሰው አጉርሰው አያውቁም። ትልቅም፣ ትንሽም። ከእኛ ጋር አንድ መሶብ ላይ ሲቀርቡ ቀኝ እጃቸው ከራሳቸው አፍ ሌላ የትም አይሄድም። ሲያጎርሷቸውም ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰው ጸጸት ነው ይላል። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

የምንኖረው እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ትርሲት ስትወለድ አጠቧት፣ አዘሏት፣ አስተኟት። ምግብ የሚበላበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ ግን ከእሳቸው ጋር ብቻዋን አልተውኳትም። አንድ ግቢ ውስጥ አያት እያላት ማቆያ አስገባኋት። የሚያውቁኝ ሰዎች ምክንያቱን አይጠይቁኝም። የማያውቁኝ ሲጠይቁኝ፣ «ከልጆች ጋር እንድትለምድ ነው» እላለሁ። አማቴ ይህን ስል ሰምተውኛል። አንድም ቀን አልተቀየሙኝም። ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃዋን አጥበው በር ላይ ያስቀምጡልኛል። ባዶውን። እኔ እንድሞላው።

10.

ያን ዕለት ጤና ጣቢያው ውስጥ ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ያኔ ፊደል አላውቅም። ሥዕሉ እናትና ልጅ ነው። ለሕፃን የሚሰጥና የማይሰጥ ምግብ የተጻፈበት ነው ብዬ አመንኩ። ማንበብ ብችል ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ ኖርኩ። ትምህርት የጀመርኩትም በዚያ ምክንያት ነው።

ባለፈው ዓመት ማንበብ ስችል ሄጄ አነበብኩት።

እጅ ስለመታጠብ ነው።

11.

ለድግሱ በር ላይ የሚለጠፈውን ማሳሰቢያ ቤት ውስጥ ስጽፍ አያሌው ቆሞ አየኝ። ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ቁልፉን ጣቱ ላይ ያዞራል። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ቀይ ሥር ይልጣሉ። ለድግሱ ድንች ቀለም የምንጨምረው ነው።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለኝ።

አነበብኩለት። «ማንም ሰው ሕፃን እንዳያጎርስ። የራሱንም ልጅ ቢሆን።»

«ይሄን አውጪው።»

«ለምን?»

«ሰው ሁሉ ያውቃል። በር ላይ ስትለጥፊው የእማዬን ስም እንደ መለጠፍ ነው። እናቴን በአደባባይ ልታዋርጃት ነው?»

«ስም የለበትም።»

«ፊደል ቆጠርሽና ዳኛ ሆንሽ።» ቁልፉን ማዞሩን አቆመ። «ፋንድሻውን ከለከልሽ፣ እሺ። ቆሎውን ከለከልሽ፣ እሺ። ነገ ደግሞ ትንፋሽ ይከለከላል ትያለሽ። ልጅቷን እንደ ሰው ልጅ አሳድጊያት።»

አማቴ ከቀይ ሥሩ ቀና አላሉም። እጃቸው እስከ አንጓው ቀልቷል።

«አያሌው» አሉ።

«አቤት እማዬ።»

«ትለጥፈው።»

«እማዬ፣ ስላንቺ ብዬ ነው እኮ።»

«ስለ እኔ ከሆነ ትለጥፈው።»

ወጣ። ባጃጁ ሲነሳ ሰማን። አማቴ አንዱን ቀይ ሥር ልጠው ጨርሰው ሌላ አነሱ። ወረቀቱን አጣጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። ልለጥፈው እንደሆነ ግን ገና አልወሰንኩም ነበር። ብለጥፈው እሳቸውን ባዋርድስ? ባልለጥፈው አንድ ሰው ትርሲትን ቢያጎርሳትስ? ሁለቱን ደጋግሜ አሰብኩ። የትኛውም ላይ ምንም አልተሰማኝም። እጄ ብቻ ካሮት ይጨፈልቃል።

12.

ወደ ድግሱ የሚገቡ፦

ድንች፣ ተቀቅሎ የተፈጨ፣ ሦስት ዓይነት። ቀዩ በቀይ ሥር፣ ቢጫው በካሮት፣ አረንጓዴው በአቮካዶ።

ሙዝ፣ በቁመቱ የተሰነጠቀ።

የድፎ ዳቦ መሃሉ።

ፓስታ፣ አጭሩ፣ ከወትሮው አብልጦ የተቀቀለ።

ውሃ።

እንቁላል፣ በሹካ የደቀቀ። (ይህን የጨመረችው ሲስተር ጽጌ ናት። የሠራችውም እሷ ናት። እኔ ሌላ ክፍል ነበርኩ።)

13.

ድግሱ።

ዘምዘም ነጭ የጨርቅ ቁርጥራጭ በክር ሰክታ ኮርኒሱ ላይ ሰቅላለች፣ የልጅ እጅ የማይደርስበት ቦታ። «ፋንድሻሽ ይኸውልሽ» አለችኝ። «ወጥቶ የሚበላ ካለ ይበላው።» ሲስተር ጽጌ የተፈጨውን ድንች ትሪ ላይ በኮከብ ቅርፅ ደልድላዋለች። ልጆቹ ኮከቡን ወዲያው አፈረሱት። አንዱ የዘምዘም ልጅ ቀዩን ፀጉሩ ላይ ቀባ። ሌላው የወንድሙን ፀጉር ላሰ።

ወረቀቱን ለጥፌዋለሁ። ሲስተር ጽጌ ግን፣ «ማንበብ የማይችል አለና አንብቢላቸው» አለችኝ። በሰው ፊት አንብቤ አላውቅም። ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል።

«አባት ልጁን ካላጎረሰ ማን ሊያጎርሰው ነው?» አለ አንድ አባት።

«የኛ እጅ ቆሻሻ ነው ወይ፣ የኔ ልጅ?» አሉ አንዲት አያት።

«ቆሻሻ አይደለም፣ እማማ» አልኩ።

የሚያውቁን ሰዎች አማቴን አዩ። እሳቸው ትርሲት አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው የተመለከቷቸውን ሁሉ መልሰው አዩ፣ አንድ በአንድ።

ከዚያ አያሌው መጣ። የበዓል ሸሚዙን ለብሷል። ትርሲት ስታየው እጇን ዘረጋች። ሰው ደስ አለው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን አወጣች።

«አባትየው፣ እስቲ አንዴ አጉርሳት፣ ፎቶ ላንሳችሁ። አንድ ጉርሻ በዓመት አንዴ አይገድልም።»

ሳቁ። የተናገረችው የእኛን ነገር ሳታውቅ ነው፤ ለፋብሪካው አዲስ ናት።

አያሌው እኔን አየኝ። ሰው ሁሉ ያየዋል። አላጎርስም ብሎ መቆም ከበደው። ጎንበስ ብሎ ከትሪው አጠገብ ከአዋቂዎቹ ዳቦ ቆረሰ፣ ከነቅርፊቱ። ትልቅ ነው። ትርሲት አፏን ከፈተች።

የአማቴ ቀኝ እጅ ወጣ። የልጃቸውን አንጓ ያዙት።

«ተው ልጄ» አሉ። አልጮኹም። «አንዴ ተሸክሜልሃለሁ። ሁለተኛ አልችልም።»

14.

እኔ ሙዝ እየሰነጠቅኩ ነበር። በቁመቱ። መሰንጠቄን አላቆምኩም።

ትርሲት አፏን ከፍታ ጠበቀች። ከዚያ ዘጋችው። ከዚያ ድንች በእጇ አነሳች።

ስልክ የያዘችው ባልደረባዬ ስልኳን ዝቅ አደረገች። ዘምዘም ዳቦውን ከአያሌው እጅ ወሰደች። ልጆቹ መብላታቸውን ቀጠሉ። ማንንም አላነቀውም። ይህን የምጽፈው ለማስታወስ ነው። ያን ቀን ማንንም ምንም አላነቀውም።

15.

ውጭ፣ ከማቆያው ግድግዳ ጎን።

አያሌው፦ ሰማሽ።

እኔ፦ ሰማሁ።

አያሌው፦ ግማሽ እንቁላል ነበር። ያኘከ መሰለኝ። ሳቀልኝ። ሲስቅልኝ ሌላውን ግማሽ ደገምኩለት።

እኔ፦

አያሌው፦ ልናገር ነበር። ጤና ጣቢያ በሩ ላይ ስደርስ እማዬ ቀድማኝ ተናግራለች።

እኔ፦ ከዚያ በኋላስ?

አያሌው፦ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ሆነ። ሰው ሞላ። ነገ እላለሁ። ነገ ስል ትርሲት ተወለደች።

እኔ፦ ልጄን አያቷ እንዳያበሏት ማቆያ ስወስዳት እያየህ ነበር።

አያሌው፦ እያየሁ ነበር።

እኔ፦ ጠዋት ጠዋት።

አያሌው፦ አዎ።

እኔ፦ ፊትህን ታጠብ። ልጆቹ እንዳያዩህ።

16.

መምህሬ ይህን ጽሑፍ እስከ 15 ድረስ አንብባ ኅዳጉ ላይ በቀይ፣ «ምን ተሰማሽ?» ብላ ጽፋለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንባቢም ይጠይቀኛል ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። ሙከራዬ ይኸውና።

 

 

 

ሌላ ጊዜ እሞክራለሁ። እስከዚያ የምታውቁት ቃል ካላችሁ ቦታው ክፍት ነው።

17.

ድግሱ ሲያልቅ ሰው ልጁን እያቀፈ ሄደ። እኔና አማቴ ትሪዎቹን ለማጠብ ቀረን። ሁለታችንም አንድ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብለናል። እሳቸው ያጥባሉ፣ እኔ አለቀልቃለሁ።

«ለምን?» አልኳቸው።

«አንድ ልጅ ሞቷል። ሁለተኛ ልጅ እንዳይሞትብኝ» አሉ። «የኔን ልጅ እኔ አውቀዋለሁ። ይሄን ተሸክሞ አይቆምም።»

«እኔስ?»

ትሪውን ገለበጡት። ጀርባውንም አሹት።

«አንቺ ባልሽን ብትጠዪ ቤትሽ ይፈርሳል። አማትሽን ብትጠዪ ምን ይሆናል? ሰው ሁሉ አማቱን ይጠላል።»

«ጠልቼዎት ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ያንን ድስት አቀብይኝ።»

አቀበልኳቸው። አራት ዓመት ሙሉ እጃቸውን ስጠብቅ ነበር የኖርኩት። አሁን አየሁት፣ ሳሙና ውስጥ። ጥፍሩ ሥር ያለው የቀይ ሥር ቀለም አልለቀቀም። ይቅርታ የሚለውን ቃል መጻፍ እችላለሁ፤ ባለፈው ወር ተምረነዋል። መናገር ግን አልቻልኩም። ድስቱን አለቅልቄ ደፋሁት።

«ትርሲት ምን ያህል በላች?» አሉኝ።

«ቢጫውን ጨርሳለች። ቀዩን አልወደደችውም።»

«አባቷም ቀይ ሥር አይወድም ነበር» አሉ። ከዚያ ቀሚሳቸው ላይ እጃቸውን አደረቁ።

18.

ስለ በዓሉ የሚቀረኝ ይህ ብቻ ነው።

እሁድ ቀን አያሌው ልብሱን ቦርሳ ውስጥ ከተተ። ሂድ ያለው የለም። አትሂድ ያለውም የለም። ከእናቱ ፊት ቆሞ የሚሉትን ጠበቀ፤ እሳቸው የሸሚዙን አንገትጌ አስተካከሉለት። ደሴ ወንድሙ ዘንድ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ምሳ ዕቃው እንደ ወትሮው ታጥቦ በር ላይ ነበር። አልሞላሁትም። ትርሲት ቤት ቀረች፣ ከአያቷ ጋር።